ስለ ዕዳና ስለ መክሰር

በካፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር

ስለ ጤና ወይም ስለ ትምህርት ሲነገር ሰው ፊቱን አብርቶ ይሰበሰባል፤ ስለ ዕዳ ሲነገር ግን ያለበትም የሌለበትም አንገቱን ይደፋል፤ ዕዳ በልማዳችን ባልና ሚስት እንኳ በጓዳ በሹክሹክታ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሆኖ ስለኖረ፣ በአደባባይ ስሙን ማንሣት የሰውን ገመና መግለጥ ይመስለናል። እኔ ግን ብዙ ቤት የፈረሰው ከዕዳው ብዛት ይልቅ ዕዳው ተሰውሮ በመቆየቱ ነው ብዬ ስለማምን፣ ዛሬ ነገሩን ወደ ብርሃን አውጥቼ በፊታችሁ ልተነትነው ፈቅጃለሁ።

የንግግሬ ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም መክሰር በሕግ ፊት ዕዳን መካድ ወይም ከዕዳ መሸሽ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ዕዳን በባለገንዘቦች ሁሉ ፊት በሥርዓት ቆጥሮ፣ ያለውን በትክክል አካፍሎ፣ ለወደቀው ሰው ደግሞ የሚኖርበትን መተው መሆኑን ማስረዳት ነው። ይህንንም በሦስት ከፍዬ እናገራለሁ፤ በመጀመሪያ ሕግ ሳይመጣ በፊት ዕዳ በሰው ላይ ያደርገው የነበረውንና ሰው በዕዳ የሚወድቅበትን ምክንያት፤ ቀጥሎ ሕጉ የከሰረውን ነጋዴ ዕዳ የሚያስተናግድበትን ሥርዓት፤ በመጨረሻም ይህ ሥርዓት ያልተከፈተለት ገበሬ፣ መምህር፣ ሠራተኛና ዋስ ምን መጠጊያ እንዳለውና ምን እንደሚጎድለው እገልጣለሁ።

ከመጀመሪያው ክፍል እንነሣ። በአገራችን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የተበደረውን ያልመለሰ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በቁራኛ ይታሰር እንደ ነበረ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙት፣ በዘመኑ አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎችም በጽሑፍና በፎቶግራፍ ያስቀሩት ነገር ነው። የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል፤ ወይም የአንዱ የሸማ ጫፍ ከሌላው የሸማ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ዋስ እስኪገኝ ወይም ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ በአንድ ስፍራ ይቀመጣሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ነገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው የታሰረው ባለዕዳው ብቻ አልነበረም፤ ባለገንዘቡም እርሻውንና ንግዱን ትቶ የባለዕዳው ጠባቂ ሆኖ ይውል ነበርና፣ አንዱ ሠርቶ የሚከፍልበት እጁ ታስሮ፣ ሌላውም ሠርቶ የሚያተርፍበት ቀኑ ባክኖ፣ ሁለቱም በአንድ ዕዳ ይደኸዩ ነበር። ሥጋን ማሰር ገንዘብን አይወልድም የሚለው ትምህርት የተገኘው እንዲህ ካለው ልማድ መከራ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለዚህ ነገር ዝም አላሉም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው፣ እግዚአብሔርን ይፈራ የነበረ የነቢያት ወገን የሆነ ሰው ዕዳ ትቶ በሞተ ጊዜ ባለገንዘቡ ሁለት ልጆቹን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ፤ እናቲቱም ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች፤ በቤቷ ካለው ጥቂት ዘይት በቀር አንዳች አልነበራትም። ዘይቱ በተአምር በበረከተ ጊዜ ነቢዩ የሰጣት ትእዛዝ ለዛሬው ነገራችን መሠረት ነው፤ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም እርስዋና ልጆችዋ እንዲኖሩበት አዘዛት። ዕዳው ይሰረዝ አላለም፤ ልጆቹም ይወሰዱ አላለም፤ የባለገንዘቡን መብትና የቤተሰቡን ሕይወት በአንድ ፍርድ አስታረቃቸው። ኦሪት ዘዳግምም በየሰባቱ ዓመት የዕዳ ምሕረት እንዲደረግ ሥርዓት ሠርቷል፤ ቅዱስ ቁርኣንም በችግር ላይ ላለ ባለዕዳ እስኪያልፍለት ጊዜ እንዲሰጠው፣ ዕዳውን መማር ግን ከሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዕዳ መከፈል እንዳለበትና ሰው ደግሞ በዕዳ መጥፋት እንደሌለበት ከአባቶቹ ተምሮ አድጓል።

ይህ መከራ የእኛ አገር ብቻ እንዳልነበረ ለማስረዳት አንድ ነገር ልጥቀስ። በእንግሊዝ አገር በባለሀብትነቱ ዘመን እንኳ ባለዕዳ የሚታጎርባቸው ወህኒ ቤቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1824 የታላቁ ደራሲ የቻርልስ ዲከንስ አባት በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ በሚባለው ወህኒ ቤት ሲታሰሩ፣ ልጁ ገና የ12 ዓመት ብላቴና ሳለ ከትምህርት ተለይቶ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ለመሥራት ተገደደ። በዚያ አገር በዕዳ መታሰር በአብዛኛው የቀረው እ.ኤ.አ. በ1869 በወጣው ሕግ ነው። ዛሬ ዓለም የተስማማበት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው፣ የውል ግዴታውን ለመፈጸም አቅም በማጣቱ ብቻ ማንም ሰው አይታሰር ሲል ይደነግጋል።

አሁን ደግሞ ሰው በዕዳ የሚወድቅበትን ምክንያት እንመልከት፤ ለዚህም ከካፋ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ስንፍናና ስካር፣ ማባከንና ማታለል ሰውን በዕዳ እንደሚጥሉ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በዋጫም ሆነ በቦንጋ ቡና የሚነግድ ሰው ጠንክሮ ሠርቶ፣ በልክ ኖሮ፣ ቃሉን ጠብቆ ሊወድቅ እንደሚችል ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ላኪው ለአቅራቢው ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል፤ አቅራቢው ለሰብሳቢው ያከፋፍላል፤ ሰብሳቢው ከገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን በከፊል በእጅ በእጅ፣ በከፊል በእምነት ይገዛል፤ ዋጋው የሚቆረጠው ግን ከእነዚህ አንዱም በሌለበት በሩቅ ገበያ ነው። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰና የቬትናም ቡና በገበያው ከበዛ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በዚያ ዘመን በከፍተኛ ዋጋ ገዝቶ ባከማቸ ነጋዴ ላይ የደረሰውን ጉዳት በእርሱ ጥፋት ማመካኘት ከፍትሕም ከርትዕም የራቀ ነው።

ይህ ጉዳት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር ለማየት ወደ ትልቅ መዝገብ መሄድ አያስፈልግም፤ በባለሱቁ መደርደሪያ ሥር የሚቀመጠው የዱቤ ደብተር ይበቃል። ከሰኔ ጀምሮ ቡናው ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የልጆች ደብተር እየተባለ በየገበሬው ስም አንጻር ይጻፋል፤ ነሐሴ ሲደርስ ገጹ ሁሉ ይሞላል፤ በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲለቀም ደግሞ ስሙ በእስክርቢቶ እየተሰረዘ ይሄዳል። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ግን መስመሮቹ ሳይሰረዙ ይከርማሉ፤ ባለሱቁም ዕቃውን ያመጣው ከጅማ ጅምላ ነጋዴ በዱቤ ነውና የገበሬው ዕዳ የባለሱቁ ዕዳ፣ የባለሱቁም የጅምላ ነጋዴው ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም፤ ሕግም በነገሩ የሚገባው የአንዱ ውድቀት የብዙዎች ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ ወደ ሁለተኛው ክፍል እንሻገር። አባቶቻችን የተዳኙበት ፍትሐ ነገሥት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ክርስቲያን የነበረው ሊቅ ኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ የደረሰው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፍ፣ ስለ ብድርና ስለ ዋስትና በየአንቀጹ ይናገራል። የነጋዴን መክሰር የሚመለከት ዘመናዊ ሕግ ግን በአገራችን መጀመሪያ የወጣው በ1925 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በ1952 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት የነበሩት ዣን ኤስካራና እርሳቸው ሲሞቱ ሥራውን የፈጸሙት አልፍሬድ ዦፍሬ ያዘጋጁት የንግድ ሕግ ታወጀ፤ አምስተኛው መጽሐፉም በሙሉ ለኪሳራ ተሰጠ። ይህ የኪሳራ ክፍል ከ60 ዓመት አገልግሎት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ ተተካ።

በእነዚህ ሕጎች አነጋገር አንድ ነጋዴ በአንድ ጭነት ቡና ስለ ጎደለበት ብቻ ከሰረ አይባልም። የከሰረ የሚባለው የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ ዕዳዎችን መክፈል ያቆመና ይህም በፍርድ ቤት ተመርምሮ የተረጋገጠበት ሰው ነው። ፍርዱን ባለዕዳው ራሱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ባለገንዘቦችም ሊጠይቁ ይችላሉ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነጋዴው ንብረቱን በራሱ ማስተዳደር ያቆማል፤ ፍርድ ቤቱ የሚሾመው ንብረት ጠባቂም በዳኛ ተቆጣጣሪነት ንብረቱን ይረከባል፣ ይቆጥራል፣ መዝገቡን ይመረምራል፣ ባለገንዘቦችን ሁሉ ጠርቶ ማስረጃቸውን ይቀበላል፤ ለከሰረው ሰውና ለቤተሰቡም ለዕለት ኑሮ የሚሆን እንዲሰጥ ሊፈቀድ ይችላል።

ነገሩ እንዲገባን በምሳሌ ልናገር፤ የምጠቅሰው ሰው ለማስረዳት ብዬ በሐሳብ የፈጠርኩት ነው እንጂ ማንም የታወቀ ሰው አይደለም። አንድ የቡና ነጋዴ ቤቱን አስይዞ ከባንክ 500,000 ብር ተበደረ እንበል፤ ከላኪ 200,000 ብር ቅድሚያ ተቀበለ፤ ከ20 ገበሬዎች እያንዳንዱ የ10,000 ብር፣ በጠቅላላው የ200,000 ብር ቡና በእምነት ወሰደ፤ ከሁለት ወዳጆቹም 100,000 ብር ተበደረ፤ ዕዳው በጠቅላላው 1,000,000 ብር ሆነ። ዋጋ ወደቀና ነጋዴው መክፈል አቆመ። በእጁ ያለው በሐራጅ 450,000 ብር የሚያወጣ ቤትና 180,000 ብር የሚያወጣ ቡናና የሱቅ ዕቃ ነው። ሥርዓት በሌለበት ምን ይሆናል? ወሬውን አስቀድመው የሚሰሙት ወዳጆቹ ናቸውና በሌሊት መጥተው የ100,000 ብር ቡና ያስጭናሉ፤ በነጋታው የላኪው ወኪል በመኪና ደርሶ የቀረውን ይወስዳል፤ ባንኩ ቤቱን ይሸጣል፤ ገበሬዎቹ ግን ነገሩን የሚሰሙት በገበያ ቀን ነውና የተዘጋ በር ቆመው ይመለሳሉ። እንደዚህ ባለው ክፍያ የሚጠቀመው ፈጣኑ፣ ኃይለኛውና ቅርቡ ነው፤ የሚጎዳውም ሩቁና ድኻው ነው።

ሕጉ በመካከል ሲገባ ግን የግል ሩጫ ሁሉ ይቆማል፤ ማንም ባለገንዘብ ለብቻው ከስሶ ለብቻው ሊያስፈጽም አይችልም። ባንኩ ቤቱን በመያዣ ስለ ያዘ ከቤቱ ዋጋ 450,000 ብር ይወስዳል፤ የጎደለበት 50,000 ብር ግን መያዣ የለውምና ከሌሎቹ ጋር ይሰለፋል። ከዕቃው ሽያጭ 180,000 ብር ላይ የሠራተኞች ደመወዝና የሥርዓቱ ወጪ 15,000 ብር ሆነ ብንል፣ ለማካፈል 165,000 ብር ይቀራል፤ የሚካፈሉት ዕዳዎች ደግሞ በድምሩ 550,000 ብር ናቸውና ለእያንዳንዱ ብር 30 ሳንቲም ይደርሳል። ላኪው 60,000፣ ወዳጆቹ 30,000፣ ባንኩ ለቀሪው 15,000፣ ገበሬዎቹ በጠቅላላው 60,000 ብር ያገኛሉ፤ እያንዳንዱም ገበሬ 3,000 ብር ይዞ ይገባል። በበዓል ቅርጫ ስናርድ እያንዳንዱ ባዋጣው ልክ መደቡን ይወስዳል እንጂ ማልዶ የመጣ ሁሉ ጉበቱንና ሽንጡን መርጦ አይሄድም፤ የኪሳራ ሕግም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። 3,000 ብር ከ10,000 ብር አንጻር ጥቂት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ገበሬው በባዶ እጁ ከመመለሱ የተሻለ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከባንክና ከላኪ እኩል በአንድ ሚዛን መመዘኑ ታላቅ ነገር ነው።

ይህ እኩልነት እንዲጸና ሕጉ ወደ ኋላም ይመለከታል። ነጋዴው መውደቁን ባወቀ ጊዜ ቤቱን ለወንድሙ በስም አዛውሮ፣ ቡናውን ለአማቹ በርካሽ ሸጦ፣ ቀነ ገደቡ ያልደረሰ የወዳጅ ዕዳ አስቀድሞ ከፍሎ ቢገኝ፣ መክፈል ካቆመበት ቀን ወዲህ የተደረገ እንዲህ ያለ ሥራ ሊፈርስና ንብረቱ ወደ ጋራው ገንዘብ ሊመለስ ይችላል። ንብረቱን የደበቀ፣ መዝገቡን ያጠፋ ወይም በሐሰት የጻፈ ሰው ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል። ስለዚህ ንጹሕ ሰውና አታላይ የሚለዩት በጎደለው ገንዘብ ብዛት አይደለም፤ የሚለዩት በመዝገባቸው ነው፤ የገቢና የወጪ ደብተሩን በየቀኑ የጻፈ ነጋዴ በመከራው ቀን ስለ ቅንነቱ የሚመሰክርለት አለው። የ2013ቱ ሕግ ከዚህም አልፎ፣ ንግዱ ጨርሶ ሳይሞት በፊት ዕዳው በስምምነት እንደገና የሚደራጅበትን፣ ነጋዴውም ሥራውን እየቀጠለ የሚከፍልበትን መንገድ ከፍቷል፤ ይህ መንገድ የሚጠቅመው ግን ቀድሞ ለመጣ ሰው ነው።

በዚህ ስፍራ የመክሰርን ወሰን መናገር ይገባኛል፤ በብዙዎች አእምሮ መክሰር ማለት ዕዳ ሁሉ የሚታጠብበት ጠበል ሆኖ ይታያልና። የነጋዴው መክሰር ዋሱን ነጻ አያወጣም፤ ባለገንዘቡ ከከሰረው ሰው ያጣውን ከዋሱ ይጠይቃል። በመያዣ የተያዘ ቤትም ከመያዣነቱ አይወጣም። በ1952ቱ ሕግ ሥርዓት ንብረቱ ተሸጦ ጉዳዩ ሲዘጋ ያልተከፈለው ቀሪ ዕዳ በራሱ አይሞትም፤ ባለገንዘቦቹ በስምምነት ካልማሩት በቀር ወደፊት ከሚያገኘው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ስለ መክሰር ሲያወሩ የምንሰማው ከዚህ የተለየ ነው፤ በዚያ አገር ነጋዴ ያልሆነ ሰውም፣ የታክሲ ነጂም ሆነ የሆስፒታል ሠራተኛ፣ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በሕጉ ምዕራፍ 7 መሠረት ከተፈቀደለት በላይ ያለው ንብረት ተሸጦ ቀሪው ዕዳ ሊቀርለት፣ ወይም በምዕራፍ 13 መሠረት ከገቢው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በዕቅድ ሊከፍል ይችላል። በዚያም ቢሆን የልጅ ቀለብ አይቀርም፤ አብዛኛው የመንግሥት ግብር አይቀርም፤ በማታለል የተወሰደ ገንዘብም አይቀርም፤ የትምህርት ብድርም እጅግ በጠባብ ሁኔታ ካልሆነ አይቀርም፤ የምዕራፍ 7 መዝገብም በብድር ታሪኩ ላይ እስከ 10 ዓመት ይታያል። ዕዳን ያለ ዋጋ የሚያጠፋ ሕግ በየትም አገር የለም።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛውና ለእናንተ ወደሚቀርበው ክፍል ደርሰናል። በዋጫ ሁለት ጎረቤታሞች ቢኖሩና አንዱ የሌላውን ቡና ገዝቶ የሚሸጥ ሰብሳቢ፣ ሁለተኛው የራሱን ቡና ለቅሞ የሚሸጥ ገበሬ ቢሆን፣ ሰብሳቢው በሕግ ነጋዴ ነውና የኪሳራ ሥርዓት ይመለከተዋል፤ ገበሬው ግን የራሱን ምርት ስለሚሸጥ ከነጋዴ አይቆጠርም፤ ስለዚህም ሥርዓቱ አይመለከተውም። አስተማሪውም፣ የጤና ሠራተኛውም፣ የቀን ሠራተኛዋም እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ ባለገንዘቦችን በአንድነት ሰብስቦ፣ ያለውን አካፍሎ፣ መጨረሻ የሚሰጥ ዳኝነት የለም፤ እያንዳንዱ ባለገንዘብ በየራሱ ይከሳል፣ በየራሱ ያስፈጽማል።

ይህ ማለት ግን ሜዳ ላይ ተጥለዋል ማለት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለፍርድ ማስፈጸሚያ የማይያዙ ንብረቶችን ዘርዝሯል፤ ልብስና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት የሥራ መሣሪያ፣ ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የሦስት ወር ምግብ የሚሆን ነገር፣ ጡረታና ቀለብ አይነኩም። ከደመወዝ ላይም ሁለት ሦስተኛው የተጠበቀ ነው፤ ባለገንዘብ ሊደርስ የሚችለው ወደ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። የገበሬው መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ ለዕዳ ተሸጦ አይወሰድበትም፤ ሆኖም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጡ ሕጎች የመጠቀም መብቱን በመያዣነት መስጠትን ስለ ፈቀዱ፣ ገበሬው ሲፈርም ምን እንደሚያስይዝ አስነብቦ መረዳት ይኖርበታል። ቤቱን ለባንክ ያስያዘ ሰውም ይህን ይወቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ሥልጣን ከተሰጠው ያለ ፍርድ ቤት ክስ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እነዚህ 30 ቀኖች ደብዳቤውን በሣጥን የሚደብቁባቸው ቀኖች አይደሉም፤ ወደ ባንኩ ሄዶ ስለ አዲስ የአከፋፈል ዘመን መነጋገሪያ፣ ወይም በሐራጅ ከሚያወጣው በተሻለ ዋጋ ገዢ መፈለጊያ ናቸው።

ስለ ዋስትና ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። በእኛ አገር ለወዳጅ ዋስ መሆን የፍቅር ምልክት ነው፤ እምቢ ማለትም ነውር ይመስላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ የሚል ቃል ካለበት፣ ባለገንዘቡ ዋናውን ባለዕዳ ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ አገራችን ብዙ ገበሬ የሚያውቀው የኦሞ ማይክሮፋይናንስ የቡድን ብድርም፣ ተቋሙ ባንክ ከመሆኑ በፊት ጀምሮ፣ አባላቱ አንዱ ላንዱ ዋስ በሚሆኑበት መሠረት የቆመ ነው። ይህ ሥርዓት መያዣ የሌለውን ድኻ ለብድር ያበቃ መልካም ነገር ነው፤ ስለዚህም የሚፈርመው ሰው የሚፈርመው ስለ ሌላው ሰው ዕዳ ጭምር መሆኑን አውቆ ቢፈርም፣ ለወዳጅነቱም ለቤቱም ይበጃል።

ሦስት ነገሮችን ባጭሩ ጨምሬ ልለፍ። አንደኛ፣ ብዙ ነጋዴ ለዕዳው ማስያዣ ብሎ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል፤ ቼኩ ባንክ ሲቀርብ በሒሳቡ ስንቅ ከሌለ ግን ደረቅ ቼክ ይባላልና በፍትሐ ብሔር የነበረው ዕዳ በአንድ ቀን ወንጀል ይሆናል፤ በመሠረቱ የማያሳስር ነገር በዚህ መንገድ ያሳስራል። ሁለተኛ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 መብለጥ የለበትም፤ አራጣ ደግሞ ወንጀል ነው፤ በችግሩ ቀን በወር ከመቶ 10 የተበደረ ሰው አበዳሪው ሕግ የጣሰ መሆኑን ይወቅ። ሦስተኛ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ በፍርድ ቤት ለማስረዳት እጅግ ያስቸግራልና፣ ለወንድምም ቢሆን ሲያበድሩ ወረቀት መጻፍ ፍቅርን የሚጠብቅ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም።

አሁን የማምንበትን ልናገር። የተጠቀሱት ጥበቃዎች ሁሉ መልካም ናቸው፤ ሆኖም አርጅተዋል፤ ተበታትነዋልም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ የቀን ደመወዙ ከ2 ብር የማይበልጥ ሠራተኛ ደመወዙ በሙሉ እንዳይነካ ሲደነግግ፣ በ1958 ዓ.ም. ድኻውን ሠራተኛ በርግጥ ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ግን በቀን 2 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ስለሌለ ያ ጥበቃ ለማንም የማይደርስ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህም ይልቅ፣ በሚሊዮን ብር የሚነግድ ሰው በወደቀ ጊዜ ዕዳውን በአንድ ጉባኤ የሚቆጥርለት ዳኛ ሲያገኝ፣ ልጁን ለማሳከም የተበደረች መምህርት ወይም በሬው የሞተበት ገበሬ ያንኑ አለማግኘቱ ከርትዕ ጋር አይስማማም። የሕግ አውጪዎቻችን ነጋዴ ላልሆነው ቅን ባለዕዳም በወረዳ ፍርድ ቤት ደረጃ፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ ባለገንዘቦቹን በአንድነት ጠርቶ፣ ከገቢው በተወሰነ ዘመን ከፍሎ የሚጨርስበትን ሥርዓት ሊሠሩለት ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው ሥርዓት ሰውን በብድር ላይ ያዳፍረዋል፤ ሁሉም ተበድሮ ከሰርኩ ይላል፤ አበዳሪም እጁን ይሰበስባል ይላሉ። ይህ ሥጋት ሊናቅ አይገባም፤ መልሱ ግን በነጋዴው ሥርዓት ውስጥ አስቀድሞ ተገልጧል። ከሰርኩ የሚል ሰው ንብረቱን በሙሉ ያስረክባል፣ መዝገቡን ይገልጣል፣ የደበቀ እንደ ሆነ ይቀጣል፤ ለተንኮለኛ ሰው ከዚህ ይልቅ ዝም ብሎ አገር ለቆ መሄድ ይቀለዋል። አሁንም እየሆነ ያለው ይህ ነው፤ መጨረሻ የሌለው ዕዳ የያዘው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ በሌሊት ይጠፋል፤ ባለገንዘቦቹም አንድ ሳንቲም ሳያገኙ ይቀራሉ። መጨረሻው የሚታይ ዕዳ ሰውን በሥራው ላይ ያቆመዋል፤ በሥራው ላይ የቆመ ሰው ብቻ ነውና ዕዳ የሚከፍለው፣ ሥርዓቱ ከባለዕዳው ባላነሰ ለባለገንዘቡም ይጠቅማል።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም፤ በእጃችን ሽምግልና አለና። የደም ነገር የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ባለገንዘቦችን በአንድነት አስቀምጠው የባለዕዳውን ሀብት ቆጥረው፣ በየመከሩ የሚከፈለውን ወስነው፣ በጽሑፍ አስፈርመው ሊያስታርቁ ይችላሉ፤ ሁሉም ባለገንዘብ የፈረመበት እንዲህ ያለ ውል በፍርድ ቤትም የሚከበር ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ያለኝ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ዕዳ የጠናብህ ወንድሜ ሆይ፣ ዕዳሽ የበዛብሽ እኅቴ ሆይ፤ ለማን ስንት እንዳለባችሁ፣ ምን ንብረትም እንደ ቀራችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ለትዳር ጓደኛችሁ አሳዩ፤ አንዱን ባለገንዘብ ለማስደሰት ሌላውን አትሰውሩ፤ አንዱን ዕዳ ለመክፈል አራጣ አትበደሩ። ነጋዴ የሆናችሁ መክፈል ያቃታችሁ ዕለት፣ ያላችሁ ነገር ገና ሳያልቅ፣ የሕግ ምክር ጠይቁ። ባለገንዘብ የሆናችሁ ደግሞ የወደቀውን ሰው የሥራ መሣሪያ አትውሰዱበት፤ ገንዘባችሁ የሚመለሰው ከእርሱ ሥራ ነውና። ዳኞችና ሹማምንት የሆናችሁም ለነጋዴው የተሠራው ሥርዓት ለገበሬውና ለሠራተኛው እንዲሠራ ድምፃችሁን አሰሙ።